ኤክስ ማለት ጥፋት ነው ያለው ማነው?

የምሠራው ባህር ዳር፣ ባነርና ፖስተር የሚታተምበት ቤት ነው። ታኅሣሥ በገባ ቁጥር ከጣና ዳር ሎጆች «ሜሪ ኤክስማስ» (Merry Xmas) የሚል ትእዛዝ ይመጣል። ፈረንጆቹ በዓላቸውን የሚያከብሩት ታኅሣሥ 16 ስለሆነ የነሱ ባነር ከእኛ ገና ቀድሞ ይሰቀላል። ተሰቅሎ ሳያድር ስልክ ይደወላል። «ክርስቶስን አውጥታችሁ በቦታው ኤክስ አደረጋችሁበት!» አንዱ ሥራ አስኪያጅማ ባነሩን ጠቅልሎ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈው። ፊደሏን በስቲከር ሸፍንልኝ አለ። ጽሑፉን የላከው ራሱ ነው እኮ!

እንግዲህ ስሙ። ያቺ ፊደል የእንግሊዝኛዋ ኤክስ አይደለችም። የግሪክ ፊደል ናት፤ «ኪ» ትባላለች። መልካቸው አንድ ነው፣ ድምፃቸው ግን ለየቅል። ግሪኮች «ክርስቶስ» ብለው ሲጽፉ የሚጀምሩት በእሷ ነው። ስለዚህ ክርስቶስ የትም አልሄደም፤ ስሙ በመጀመሪያ ፊደሉ አጥሮ ተጽፏል። የጥንት ክርስቲያኖችም ብራና ላይ ስሙን አሳጥረው ይጽፉት ነበር፣ ያውም ለክብር።

«የሃይማኖት ጠላቶች ያመጡት ነው» የሚሉም አሉ። እንግሊዞች የበዓሉን ስም በዚህች ፊደል ማሳጠር ከጀመሩ 900 ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። የጻፉትም መነኮሳት ናቸው። መነኩሴ የሃይማኖት ጠላት ከሆነ እኔ ዝም ልበል።

ደግሞ እኛስ? «ቅ/ጊዮርጊስ» ብለን ስንጽፍ ቅድስናውን ማን ወሰደው? «እግ/ር ይመስገን» የሚል መልእክት ደርሶት የፈጣሪ ስም ጎደለ ብሎ የተቆጣ ሰው አይቼ አላውቅም። የግሪክ ነገር ባዕድ ነው ለሚል ደግሞ፣ ፩፣ ፪፣ ፫ ብለን የምንጽፋቸው የግእዝ ቁጥሮች መነሻቸው የግሪክ ፊደላት ናቸው። ዘጌ ገዳማት ያሉት ብራናዎች ላይም ቁጥሩ የተጻፈው በነሱ ነው።

ይኼ ሁሉ ካልተዋጠላችሁ «ክሪስማስ» ብላችሁ ሙሉውን አጽፉ። ባነር የሚከፈለው በካሬ ነው፤ ፊደል አንቆጥርም። ብቻ ከመታተሙ በፊት ንገሩኝ። ናሙናውን በቴሌግራም የምልከው ለጌጥ አይደለም። ሳታዩት «እሺ አሪፍ ነው» ብላችሁ በማግስቱ አትምጡብኝ።

ጥፋቱ የትምህርት ቤት ይመስለኛል። ራይት ካገኘህ ጎበዝ፣ ኤክስ ካገኘህ ሰነፍ ተብለን ነው ያደግነው። የቀይ እስክሪብቶው ድንጋጤ ከውስጣችን አልወጣም። እንግሊዝ አገር ግን መራጩ የሚፈልገውን ዕጩ የሚመርጠው ስሙ አጠገብ ኤክስ አድርጎ ነው።

የአክስቴ ልጅ ጣና ላይ በጀልባ ያስጎበኛል። አንዲት እንግሊዛዊት አገሯ ገብታ የምስጋና መልእክት ላከችለት፤ መጨረሻው ላይ ኤክስ አለበት። መጀመሪያ «ጉብኝቱን አልወደደችውም» ብሎ ተከፋ። ቀጥሎ ጓደኛው «መሳም ማለት እኮ ነው» አለው። በማግስቱ ያገኘሁት ፀጉር ቤት ነው! እውነት ነው፣ መሳም ማለት ነው። ግን እንግሊዞች ለእናታቸውም፣ ለጎረቤታቸውም ይጽፉታል፤ እኛ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስመን ሰላም እንደምንባባለው። ከኤክሷ ጋር ኦ ከመጣች ደግሞ እቅፍ ናት። በዚህ ተነስታችሁ ሽማግሌ አትላኩ። ለአለቃችሁ በምትጽፉት ኢሜይል ላይም አትጨምሩት፣ አደራ።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው።

«ኤክሴ» የምትሉት የቀድሞ ፍቅረኛ ከፊደሏ ጋር ዝምድና የለውም። ከላቲን የመጣ፣ «የቀድሞ» የሚል ቅጥያ ነው። ፕሬዚዳንትም ከሥልጣን ሲወርድ ይቀጠልለታል።

ኤክስሬይ የተባለው አጥንቶች ስለተጣመሩ አይደለም። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮንትገን በ1895 እ.ኤ.አ. ጨረሩን ሲያገኘው ምንነቱን ስላላወቀ፣ ሒሳብ ላይ ላልታወቀ ቁጥር የምንሰጠውን ፊደል ሰጠው። ያንን የሒሳብ ልማድ ያስያዘን ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ዴካርት ነው፣ በ1637 እ.ኤ.አ.።

በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው አይፎን «ኤክስ» ሳይሆን «ቴን» ነው፤ የሮማ ቁጥር 10። ስልክ ቤት ሄዳችሁ «ቴን» ብትሉ ግን የሚሰማችሁ አታገኙም። ኤክስ በሉና ግዙ።

ትዊተር አልተዘጋም። በ2023 እ.ኤ.አ. ስሙን ወደ ኤክስ ቀየረ እንጂ። ቢዝነስ ካርድ ላይ የትዊተር አርማ የነበረችውን ወፍ አድርግልን የምትሉኝ፣ ወፏ ከበረረች ቆየች።

አንድ ቦታ ላይ ግን ልክ ናችሁ። አጥራችሁ ላይ በቀይ ቀለም ትልቅ ኤክስ ካያችሁ ግሪክም ላቲንም አያድናችሁም፤ ሊፈርስ ነው። ለሱ የሚኬደው ቀበሌ ነው፣ እኔ ጋ አይደለም።