«ሳልቬጅ» መጀመሪያ ክፍያ ነበር

«ሳልቬጅ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ብዙዎቻችን የምናውቀው ከአሜሪካ መኪና ጋር ነው። የመጣው ግን ከባሕር ነው፤ መጀመሪያ ላይም ማዳንን ሳይሆን ላዳነ ሰው የሚከፈለውን ገንዘብ ነበር የሚያመለክተው። ሥሩ የላቲኑ «ሳልቫሬ»፣ ማለትም ማዳን ነው። በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ በ17ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝኛ ገባ። የማዳኑ ሥራና የተረፈው ዕቃ በዚህ ስም የተጠሩት ኋላ ነው።

ክፍያው ራሱ ከቃሉ በጣም ይቀድማል። በቢዛንታይን ዘመን የነበረው የሮድስ የባሕር ሕግ ድርሻውን በጥልቀት ይለካው ነበር። 15 ሜትር ገደማ ጠልቆ ወርቅ ያወጣ ሲሶውን፣ ከ27 ሜትር ገደማ ያወጣ እኩሌታውን ይወስዳል፤ ማዕበል ዳር የጣለውን ያገኘ ግን አንድ ዐሥረኛ ብቻ ይደርሰዋል።

ዛሬ የሚሠራበት እ.ኤ.አ. የ1989 ዓለም አቀፍ ስምምነትም ከዚህ አልራቀም። ክፍያ እንዲገኝ መርከቡ በእርግጥ አደጋ ላይ መሆን አለበት፤ አዳኙም ሥራውን አስቀድሞ በገባው ውል የተገደደበት መሆን የለበትም። ከሁሉ በላይ ግን ውጤት ያስፈልጋል። ሳምንት ሙሉ ውኃ ሲቀዳ ሰንብቶ መርከቡ ከሰጠመ፣ አካባቢን ከብክለት ለመጠበቅ ከሚሰጠው ልዩ ካሳ በቀር አዳኙ ባዶ እጁን ይመለሳል።

አስመጪዎች ልብ ሊሉት የሚገባው፣ ክፍያውን የመርከቡ ባለቤት ብቻውን አለመሸከሙን ነው። የጭነት ባለቤቶችም እንደየዕቃቸው ዋጋ ያዋጣሉ፤ ኮንቴይነሩ ጭረት ባይነካው እንኳ። ዋስትና እስኪቀርብ ዕቃው ሊያዝ ስለሚችል፣ መድን ያልገባ ሰው ከኪሱ ያስይዛል። እ.ኤ.አ. በ2021 ስዊዝ ቦይን የዘጋችው መርከብ ኤቨር ጊቭን እንደተለቀቀች የቦዩ ባለሥልጣን 916 ሚሊዮን ዶላር ሲጠይቅ፣ 300 ሚሊዮኑ የሳልቬጅ ጉርሻ ነበር። መርከቧ ስምምነት ተደርሶ እስክትሄድ ሐምሌ ደረሰ፤ ጭነቱም አብሮ ቆመ።

የመኪናው «ሳልቬጅ ታይትል» ደግሞ የባለቤትነት ሰነድ ሆኖ፣ ጥገናው ከዋጋው አንጻር አያዋጣም ለተባለ መኪና የሚሰጥ ሲሆን፣ መለኪያው ከግዛት ግዛት ይለያያል። ተጠግኖ ምርመራ ሲያልፍ «ሪቢልት» ይባላል እንጂ የቀድሞው ንጹሕ ታይትል አይመለስለትም። በተለይ ጎርፍ የገባበትን መኪና ፍሩ፤ ሽቦውና ማገናኛው ከወራት በኋላ ሊዝግ ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊት በሻንሲ ቁጥሩ ታሪኩን አስወጡ፤ ምንጣፉንም ገልጣችሁ ጭቃና ዝገት ፈልጉ።