ኢምፔላ ላይ «ፒ-8» ማለት 8 ሊትር አይደለም

ኢምፔላ ልብ ውስጥ ገብቶ ደምን ከግራ የልብ ክፍል ወደ አኦርታ (ከልብ ወደሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ) የሚገፋ ትንሽ ፓምፕ ነው። ይህን የምጽፈው «ፒ-8 ማለት በደቂቃ 8 ሊትር ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ስለተደጋገመ ነው። «ፒ» የፓምፑ የሥራ ደረጃ ሲሆን የሚናገረው የሞተሩን ፍጥነት ብቻ ነው። ኢምፔላ ሲፒ በሚባለው ሞዴል ፒ-8 በደቂቃ 44,000 ዙር ነው፤ ኢምፔላ 5.5 በሚባለው ሞዴል ላይ ግን ፒ-9 እንኳ 33,000 ነው። በዚያው ፒ ላይ የሚቀያየረው በደቂቃ የሚያልፈው የደም ሊትር ነው። ለምሳሌ ጠዋት በፒ-8 3.3 ሊትር ያሳየ ፓምፕ፣ የታካሚው የደም ግፊት ሲያሻቅብ እዚያው ፒ-8 ላይ 2.8 ሊያሳይ ይችላል። ፓምፑ አልተበላሸም፤ ደሙን የሚገፋው ከፍ ወዳለ ግፊት ስለሆነ ነው። ለቤተሰብ ስታስረዱም እባካችሁ ሊትሩን ንገሩ።

የሰክሽን ማንቂያ (ፓምፑ የሚስበው ደም ሲያንሰው ወይም መሳቢያው ሲዘጋበት የሚሰማው) ሲጮህ ፒን መጨመር ትልቅ ስህተት ነው፤ መሳቢያውን (ደም ወደ ፓምፑ የሚገባበትን ቀዳዳ) ከልቡ ግድግዳ ጋር ይበልጥ ያጣብቀዋል። መጀመሪያ በ1 ወይም በ2 ደረጃ ይቀነስ፤ የፈሳሽ መጠኑና የቀኝ ልብ ሥራ ይታይ። ከዚያ የሲፒ መሳቢያ ቀዳዳ ከአኦርታ ቫልቭ በታች 3.5 ሴንቲ ሜትር ያህል መግባቱ በልብ አልትራሳውንድ ይረጋገጥ።