የቫይታሚን ዲ እጥረትና ሃሺሞቶ፦ ግንኙነታቸው ምንድን ነው?

ሃሺሞቶ የሰውነት መከላከያ የራሱን የታይሮይድ ዕጢ እንደ ባዕድ ቆጥሮ ቀስ በቀስ የሚያጠቃበት በሽታ ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1912 መጀመሪያ ከገለጸው ጃፓናዊው ሐኪም ሃካሩ ሃሺሞቶ ነው። አንገት ላይ እብጠት ሊያወጣ ስለሚችል ብዙዎች በአዮዲን እጥረት ከሚመጣው እንቅርት ጋር ያምታቱታል። አዮዲን ማብዛት ግን ሃሺሞቶን አያድንም፤ እንዲያውም ሊያባብሰው ይችላል።

ቫይታሚን ዲ እዚህ ውስጥ የሚገባው በመከላከያ ሕዋሳቱ በኩል ነው። ቆዳችን ከፀሐይ የሚሠራውን ቫይታሚን ጉበትና ኩላሊት በየተራ ይለውጡትና ሥራ ላይ የሚውል ሆርሞን ይሆናል። የመከላከያ ሕዋሳት ይህን ሆርሞን የሚቀበሉበት አካል አላቸው፤ ሆርሞኑም ከልክ ያለፈ ቁጣቸውን ያበርዳል። ሃሺሞቶ ባለባቸው ሰዎች ደም ውስጥ ቫይታሚን ዲ ዝቅ ብሎ መገኘቱ በተደጋጋሚ ታይቷል። እጥረቱ በሽታውን ያመጣል ማለት ግን አይቻልም። የታመመና የደከመ ሰው ከቤት ስለማይወጣ ብቻ ሊያንሰው ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ቫይታል የተባለው የአሜሪካ ጥናት እዚህ ላይ ይረዳል። ወደ 26 ሺህ በሚጠጉ ሰዎች ላይ በተደረገው ጥናት በቀን 2,000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ ለአምስት ዓመት ያህል የወሰዱት ዘንድ ሰውነት ራሱን የሚያጠቃባቸው በሽታዎች በጥቅሉ 22 በመቶ ቀንሰው ታይተዋል። ይህ ስለ መከላከል ነው። አንዴ የተጎዳ ታይሮይድ በቫይታሚን ዲ ወደ ጤናው ይመለሳል የሚል ማስረጃ የለም፤ ስለዚህ የታይሮይድ ሆርሞንን የሚተካው መድኃኒት ሌቮታይሮክሲን የታዘዘለት ሰው በቫይታሚን ዲ ተክቶ ማቆም የለበትም።

የሚጠየቀው የደም ምርመራ 25-ሃይድሮክሲ ቫይታሚን ዲ ይባላል። በብዙ መመሪያዎች ከ20 ናኖግራም በሚሊ ሊትር በታች እጥረት ነው። ለታይሮይዱ ደግሞ ዕጢው በበቂ መሥራቱን የሚያሳየው ቲኤስኤችና መከላከያው ዕጢውን ማጥቃቱን የሚጠቁመው አንቲ-ቲፒኦ ይታያሉ። ድካምና የጡንቻ ሕመም የቫይታሚን ዲ እጥረትም የሃሺሞቶም ምልክት ስለሆነ በስሜት ብቻ መለየት አይቻልም። ጠቆር ያለ ቆዳ ተመሳሳይ መጠን ያለው ቫይታሚን ዲ ለመሥራት ረዘም ያለ ፀሐይ ይፈልጋል። በስቶክሆልም ወይም በለንደን ከኦክቶበር እስከ ማርች ያለው ፀሐይ ደግሞ ለዚህ የሚበቃ አይደለም። በመስኮት መስታወት ውስጥ የሚገባ ፀሐይም አይቆጠርም፤ የሚያስፈልገውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አወሳሰዱ ላይ ነው። ሌቮታይሮክሲን በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ፣ ከቁርስና ከቡና ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ይዋጣል። ቫይታሚን ዲ ቅባት ካለው ምግብ ጋር የተሻለ ስለሚዋሃድ ምሳ ላይ ይሻላል። የብልቃጡን ጽሑፍ ግን አንብቡ፤ ብዙዎቹ ክኒኖች ካልሲየም ተቀላቅሎባቸዋል፣ ካልሲየም ደግሞ ሌቮታይሮክሲንን አንጀት ውስጥ ይዞ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል። በሁለቱ መካከል የአራት ሰዓት ልዩነት ይኑር፤ ለአይረን ክኒንም እንዲሁ። ቲኤስኤች ያለ ግልጽ ምክንያት ከፍ ሲል ከሚጠረጠሩት አንዱ ይህ ነው።

መጠኑን ሐኪም ይወስን። ለአዋቂ የተለመደው የቀን ፍላጎት 600፣ ከ70 ዓመት በላይ 800 ዩኒት ነው፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በቀን ከ4,000 ማለፍ አይገባም። ለከባድ እጥረት የሚታዘዘው የ50,000 ዩኒት እንክብል በሳምንት አንዴ የሚወሰድ ነው። በስህተት በየቀኑ ሲወሰድ የደም ካልሲየም ከፍ ይላል፤ ጥማት፣ ሽንት ማብዛት፣ ማቅለሽለሽና የሆድ ድርቀት ከታዩ የቫይታሚን ዲ እንክብሉን አቁሞ ወዲያው መመርመር ያስፈልጋል። ሁሉ ደህና ከሆነ የቫይታሚኑ ምርመራ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ይደገማል፤ የሌቮታይሮክሲን መጠን ከተቀየረ ደግሞ ቲኤስኤች ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ይለካል።