ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፦ ስለ መቀነቱና ስለ ትምህርት ክርክራችን

ድሬዳዋም ይሁን ሐረር ስለ ትምህርት ስብሰባ ሲጠራ አንድ ሰው ተነሥቶ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ማለቱ አይቀርም። አዲስ መጽሐፍ ሲመጣ ይባላል፤ የፈተና አሰጣጥ ሲቀየር ይባላል፤ የስድስተኛ ክፍል ፈተና ሲመለስ ይባላል። ተናጋሪው ይህን ብሎ ይቀመጣል፣ አዳራሹ ያጨበጭባል፣ ሰብሳቢው ወደ ሌላ ጠያቂ ያልፋል። ተረቱ «ተዉት፣ አይሆንም» የሚል የመጨረሻ ፍርድ ሆኖ ቀርቷል። መቀነት ታጥቆ የኖረ ሰው ግን እንዲህ ብሎ አይፈርድበትም፤ ለእርሱ ይህ አነጋገር ትእዛዝ ነው፦ ቁም፣ ፍታ፣ እንደገና ታጠቅ።

ነገሩን ከጨርቁ እንጀምር። መቀነት ሸማኔ የሚሠራው ጠባብና ረጅም የጥጥ ጨርቅ ነው። ርዝመቱን የሚወስነው የባለቤቱ ወገብ ነው፤ ሦስት ጊዜ ዞሮ ለመሸጎጫ ግማሽ ክንድ ያህል መትረፍ አለበት። ለመካከለኛ ሰው ስድስት ክንድ፣ ማለትም ወደ ሦስት ሜትር ይሆናል። ካጠረ ሁለት ዙር ብቻ ይሆንና አይይዝም፤ በጣም ከረዘመ ወገብ ላይ ይከመርና ጎንበስ ቀና ማለት ያስቸግራል። ገና ከሸማኔ እጅ የወጣ አዲስ ጨርቅ ያንሸራትታል። ታጥቦ ታጥቦ ሲለሰልስ ነው ዙሩ ዙሩን የሚነክሰው፤ ስለዚህ ለሥራ የሚፈለገው የቆየው እንጂ ያማረው አይደለም።

አስተጣጠቁም ሥርዓት አለው። ጨርቁ ይራገፋል፤ ከዚያ በቁመቱ ታጥፎ ስፋቱ አንድ ስንዝር እንዲሆን ይደረጋል። የእጥፉ አፍ ወደ ላይ ይዞራል፤ ገንዘብ የሚቀመጠው እዚያ ውስጥ ነውና። ጫፉ ግራ ዳሌ ላይ በአውራ ጣት ይያዛል። ትንፋሽ ወጥቶ ሆድ ሲገባ የመጀመሪያው ዙር ይጠመጠማል። ቦታው የዳሌው አጥንት ላይ ነው፤ ሆድ ላይ የታሰረ መቀነት ሰው ሲበላ ያስጨንቃል፣ ሲርበው ይወርዳል። ሁለተኛው ዙር የመጀመሪያውን እስከ ግማሹ ሸፍኖ ይጠብቃል፤ ሦስተኛው ሁለቱን ይይዛል። የተረፈው ጫፍ ከታች ወደ ላይ ተሸጉጦ ይሳባል። ቋጠሮ የለም። ውስጠኛው ዙር በደንብ እስከያዘ ድረስ ቋጠሮም አያስፈልግም።

ሩጫ ላይ ይህ ሁሉ ይበላሻል። የሚሮጥ ሰው ያለከልካል፤ ሆዱ አንዴ ይነፋል፣ አንዴ ይገባል። ሆድ በተነፋበት ቅጽበት የተጠመጠመው ዙር ትንፋሽ ሲወጣ ይላላል። እግር በተነሣ ቁጥር ዳሌ ስለሚንቀሳቀስ ጨርቁ አጥንቱን ስቶ ሆድ ላይ ያርፋል። አንዱ እጅ ቀሚስ ወይም ጭነት ስለሚይዝ መሳቢያው አንድ እጅ ብቻ ይሆናል፤ እጥፉ ተጠማዞ ይዞራል። ከሁሉ የከፋው ግን የመጀመሪያው ዙር ከላላ በኋላ የላዩን የቱንም ያህል ቢያጠብቁት አለመጠገኑ ነው። ለጥቂት እርምጃ ጥብቅ ይመስላል፤ ውስጡ ሲንሸራተት የላዩንም ይዞት ይወርዳል። መፍትሔው ቆሞ እስከ ውስጠኛው ድረስ መፍታትና ከዚያ መጀመር ብቻ ነው። ላዩን እየጎተቱ መሮጥ የፈቺውን ሥራ ማገዝ ነው።

መቀነት ሲፈታ የሚጠፋው ጌጥ አይደለም። በድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ አትክልት የምትሸጥ፣ ወይም ጭነት አዝላ ከገጠሩ ወደ ሐረር በሮች የምትወጣ ሴት ወገቧ ላይ ያለው ጨርቅ ሦስት ሥራ ይሠራል፦ ልብሷን ይይዛል፣ ከጭነቱ በታች ወገቧን ይደግፋል፣ የቀኑን ገንዘብ ይጠብቃል። ኦሮምኛ ተናጋሪዎቹ ጎረቤቶቻችን ሰባታ ይሉታል፤ ሥራው ያው ነው። መንገድ ላይ ከተፈታ ልብስ ያደናቅፋል፣ ወገብ ይዝላል፣ የተቋጠረው ብር ይበተናል። አባባሉ ክብደት ያገኘው ከዚህ ኪሳራ ይመስለኛል።

ስለ አመጣጡ ሁለት ሐሳብ ይሰማል። የመጀመሪያው የጦር ነው፦ ክተት ሲታወጅ ዝናሩን እየሮጠ የታጠቀ ዘማች ጦር ሜዳ ላይ ጥይቱን ይበትናል ይላሉ። ሐረር የራስ መኰንን መቀመጫ፣ በኋላም የጦር አካዳሚ የነበረባት ከተማ ናትና ይህ ትርጓሜ እዚህ ብዙ ወዳጅ አለው። እኔ የማደላው ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ገበያተኛዋ ነው። ዝናር ቆዳ ነው፤ በዘለበት ይያዛል። ዘለበት ወይ ገብቷል ወይ አልገባም፤ እየቆየ ቀስ በቀስ አይላላም። አባባሉ የሚነግረን ግን ለጊዜው የያዘ፣ እየተሮጠበት ሳለ ግን የሚላላ ነገር ነው፤ ይህ ደግሞ የተጠመጠመ ጨርቅ ጠባይ ነው። ስለዚህ አነጋገሩ ከጠመንጃው ዝናር በፊት የነበረ፣ ከገበያ መንገድ የተወለደ ነው ብዬ አምናለሁ። ዘማቾቹ የወሰዱት ከእናቶቻቸው ይሆናል።

ይህን ይዘን ወደ ትምህርቱ ስንመለስ፣ አባባሉ የሚገባበትና የማይገባበት ቦታ ይለያል።

የማይገባበት አንድ ትልቅ ምሳሌ በ1966 ዓ.ም. የወደቀው የትምህርት ማሻሻያ ነው። በዘመኑ «ሴክተር ሪቪው» የተባለው ጥናት የተካሄደው በ1964 ዓ.ም. ነበር፤ አንድ ዓመት ሙሉ ተደክሞበታል። ለአብዛኛው ሕፃን የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲዳረስ ያቀደ ነበር። ለሕዝብ ይፋ የሆነው ግን በ1966 ነው። ወላጅ «ልጄ አራተኛ ክፍል ላይ ሊቀር ነው» ብሎ ፈራ፤ መምህሩ ስለ ደመወዙና ስለ ሥራው ፈራ፤ የየካቲቱ የመምህራን አድማ ተከተለና ዕቅዱ ታጠፈ። እዚህ ላይ ሲሮጥ የታጠቀ የለም። ችግሩ ጓዳ ውስጥ መታጠቁ ነበር። ለዚህ ይህን ተረት የሚጠቅስ ሰው የራሱን ታሪክ አልመረመረም።

በደንብ የሚገባበት ደግሞ ፕላዝማው ነው። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚሰራጭ የቴሌቪዥን ትምህርት ተዘረጋላቸው። ስርጭቱ ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን ይወስድ ስለነበር ለመምህሩ የሚተርፈው መግቢያና መዝጊያ ብቻ ሆነ። የእንግሊዝኛው ፍጥነት ከተማሪው ጆሮ ይቀድም ነበር፤ መብራት ከጠፋ ያ ትምህርት አለፈ ማለት ነው፣ ስርጭቱ ተማሪን ቆሞ አይጠብቅምና። መሣሪያው ሦስተኛው ዙር ነበር። ውስጠኛው ዙር፣ ማለትም በእንግሊዝኛ መስማትና ማንበብ የሚችል ዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ ገና አልጠበቀም።

የእርከኑም ነገር አለ። ከ1986ቱ ፖሊሲ በፊት 6-2-4፣ ማለትም ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ሁለት ዓመት መካከለኛ፣ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ነበር፤ በዚያ ፖሊሲ 8-2-2 ሆነ፤ በ2010 ዓ.ም. ለውይይት ከቀረበው ፍኖተ ካርታ በኋላ ደግሞ ወደ 6-2-4 ተመለስን። የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ቀረ። በዚህ ላይ ድሬ ውስጥ ብዙ ተጮኋል፤ እኔ ግን እርከን መቀየሩ ብቻውን ያን ያህል አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ የመጽሐፉና የመምህሩ ነገር ነው፤ ውስጠኛው ዙር እነርሱ ናቸው።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው እንዲፈተኑ ሲደረግ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ሆነ። «ሲሮጡ የታጠቁት» የሚለው ጩኸት በፈተናው አሰጣጥ ላይ ዘነበ። እኔ አልስማማም። ኩረጃን መዝጋት ተገቢ ነበር፤ የላዩ ዙር ሲጠብቅ የውስጡ መላላት ታየ። የ2014 ተፈታኞች አንደኛ ክፍል የገቡት በ2003 አካባቢ ነው፤ በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ አሥረኛ ክፍል ነበሩ። የላላው ዙር እዚያ አሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ነው፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ ማንበብ በሚለመድባቸው ከአንደኛ እስከ አራተኛ ባሉት ክፍሎች። አራተኛ ክፍል ላይ አንቀጽ አንብቦ መረዳት ያልቻለ ልጅ አምስተኛ ክፍል ላይ የሳይንስ መጽሐፍ ቢሰጠው የሳይንስ ትምህርት አላገኘም፤ ማንበቡ ራሱ ነው ገና የሚጎድለው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ የሚሰጥ ማጠናከሪያ ይህን አይሞላውም።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. ወደ ክፍል ሲገባ የመጽሐፍ እጥረት በየቦታው ተሰማ። ለምን እንደሆነ ከመስከረም ወደ ኋላ መቁጠር ያሳያል። መጽሐፉ መስከረም ላይ በልጁ እጅ እንዲሆን ሰኔ ላይ ታትሞ ማለቅ አለበት፤ ክረምቱ የማጓጓዣና የማከፋፈያ ነው። የኅትመቱ ውል ከጥር ባይዘገይ ይመረጣል፤ ወረቀቱ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ በጅቡቲ ወደብ ነው የሚገባው። ውሉ ጥር ላይ እንዲፈረም ጽሑፉ ኅዳር ላይ ታርሞ መዘጋት አለበት። ታርሞ እንዲዘጋ ደግሞ ባለፈው ዓመት በጥቂት ክፍሎች ተሞክሮ የመምህራኑ አስተያየት መግባት ነበረበት። መምህራን የሚሠለጥኑት ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው፤ መጽሐፉ እጃቸው ላይ ከሌለ ሥልጠናው ስለ መጽሐፉ የሚሰጥ ንግግር ይሆናል። እንግዲህ የአንድ ክፍል መጽሐፍ በአግባቡ ሲታጠቅ ሁለት ዓመት ይወስዳል። ሚያዝያ ላይ ተወስኖ መስከረም ላይ የሚጀመር ለውጥ እያለከለከ የታጠቀ ነው።

የእኛ አካባቢ ደግሞ ተጨማሪ ሸክም አለበት። የድሬዳዋ ሕፃን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ ይጀምራል፤ ሐረር ላይ ደግሞ የሐረሪ ቋንቋ አለ። ለእያንዳንዱ ቋንቋ ጸሐፊ፣ አርታኢ፣ ሠዓሊና አራሚ ያስፈልጋል። ሁለት ሺህም ይታተም ሁለት መቶ ሺህ፣ የእነዚህ ሰዎች ድካም ያው ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ኮፒ በሚታተምበት ቋንቋ የአንዱ መጽሐፍ ዋጋ ይወደዳል። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚዘገየውም እሱ ነው። በአዲስ አበባ የተወሰነ የጊዜ ሰሌዳ እዚህ ሲደርስ የሚያጥረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ይህን በስብሰባ ላይ አንሥቶ የሚከራከር ሰው ግን እምብዛም አይሰማም።

ድሬ አንቱታ የማትወድ፣ ፊት ለፊት የምትናገር ከተማ ናት። እንዲህ ያለች ከተማ በትምህርት ጉዳይ ላይ ተረት ወርውራ ስትቀመጥ ያሳዝናል። ወላጁ ለመቃወም ይጠቅሰዋል፤ አዲሱ ሹም የቀድሞውን ሹም ለመውቀስ ይጠቅሰዋል፤ ለውጥ የማይወደው ሁሉ ምንም እንዳይነካ ይጠቅሰዋል። አንዳንዱማ «ሲሮጡ የታጠቁት...» ብሎ ግማሹን ትቶ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። ይህን አባባል አንሥቶ የሚናገር ሰው የትኛው ክፍል፣ የትኛው ትምህርት፣ የትኛው ቋንቋ ላይ እንደላላ አብሮ ይናገር። የኅትመቱ ውል በየትኛው ወር እንደተፈረመ፣ የአንደኛ ክፍል መምህራን መጽሐፉን ይዘው ሠልጥነው እንደሆነም እዚያው ይጠይቅ፤ ሰብሳቢውም መልሱን ሳይሰማ ወደሚቀጥለው ጠያቂ አይለፍ።