አዲስ ቢዬላ በነባር ፒስተን፦ የሞተር እድሳት በደሴና ኮምቦልቻ መንገድ

ቢዬላ በሲሊንደር ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሰውን ፒስተን ከሚሽከረከረው ክራንክ ሻፍት ጋር የሚያገናኝ የብረት ክንድ ነው። ስሙ እንደ ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ የላይ ክዳን)፣ ፍሪሲዮንና ካንዴላ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ሞተር ወርዶ ሲፈታ አንዳንዴ ፒስተኖቹ ደህና ሆነው ቢዬላው ብቻ ተበላሽቶ ይገኛል። ያኔ የመኪናው ፋብሪካ ያልሠራው ቢዬላ ከገበያ ይገዛና በመኪናው ነባር ፒስተን ላይ ይገጠማል። ነገሩ ይሠራል። ግን ሁለቱ አንድ ላይ ታስበው የተሠሩ ስላልሆኑ ሳይለኩ መግጠም ዋጋ ያስከፍላል።

በመጀመሪያ ቢዬላ ለምን ይበላሻል? እዚህ አካባቢ መልሱን ለማግኘት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎ ቁልቁለት መውረድ ይበቃል። ደሴ ከባህር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ። ይህ ሁሉ ቁልቁለት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ውስጥ ነው የሚያልቀው። ሹፌሩ ፍሬኑ እንዳይግል ማርሽ ይቀንሳል። ልክ ነው። አብዝቶ ከቀነሰ ግን ጎማው ሞተሩን ያሽከረክረዋል። የሞተሩን ዙር የሚገድበው የዲዝል ጋቨርነር እዚህ ላይ አያድንም፤ እሱ የሚቆርጠው ነዳጅ ነው፣ ቁልቁለቱን አይደለም። ፒስተኑ የላይኛው ጫፍ ደርሶ ወደ ታች ሲመለስ ቢዬላውንና ቡሎኖቹን ይጎትታል። የሞተሩ ዙር እጥፍ ሲሆን ጉተታው አራት እጥፍ ይሆናል። ቡሎኑ በዚያች ቅጽበት ባይበጠስ እንኳ ሊሳብ ይችላል። ሌላ ቀን ሜዳ ላይ ይበጠሳል፤ ሹፌሩም «ምንም ሳላደርገው» ይላል።

ሁለተኛው ጠላት ውሃ ነው። ክረምት ላይ ቦርከና ሲሞላና መንገድ ላይ ውሃ ሲተኛ ደፍሮ የገባ መኪና በአየር ማጣሪያው በኩል ውሃ ሊስብ ይችላል። ውሃ እንደ አየር አይታመቅም። ፒስተኑ መሄጃ ሲያጣ የሚታጠፈው ቢዬላው ነው። ዘይት ማለቅማ የታወቀ ነው።

አሁን ወደ ልኩ። ዋናው ቁጥር ከትንሹ ዓይን (ፒስተኑ ከሚያያዝበት ቀዳዳ) መሃል እስከ ትልቁ ዓይን (ክራንክ ሻፍቱን እስከሚይዘው ቀዳዳ) መሃል ያለው ርዝመት ነው። በብዙ ዲዝል ሞተሮች ፒስተኑ የላይኛው ጫፍ ሲደርስ ከቴስታታው ጋር የሚቀረው ክፍተት 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው። ስለዚህ ቢዬላው በ1 ሚሊ ሜትር ቢረዝም ፒስተኑ ቴስታታውን ወይም ቫልቩን ሊመታ ነው። ቢያጥርስ? ዲያሜትሩም ምቱም (ፒስተኑ የሚመላለስበት ርቀት) 96 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ አየሩን 22 እጥፍ የሚያምቅ ሲሊንደር እንውሰድ። ቢዬላው በግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ሲያጥር 22ቱ ወደ 20 ይወርዳል። ግማሽ ሚሊ ሜትር በዓይን አይታይም። ቁጥሩ ግን ሹፌሩን ጠዋት ጠዋት ያስለቅሰዋል። ደሴ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ግፊቱ ከባህር ጠረፍ በሩብ ገደማ ያንሳል። ጠዋቱም ይበርዳል። ዲዝል የሚነሳው አየሩ ሲታመቅ በሚፈጠረው ሙቀት ስለሆነ ኮምቦልቻ ተገጥሞ እዚያው በአንድ ቁልፍ የሚነሳ ሞተር ደሴ ሲያድር ሊያስቸግር ይችላል። ያኔ ባትሪ ይቀየራል፣ ካንዴሌታ (ሞተሩ ሲነሳ የሚያሞቀው) ይቀየራል፣ ነዳጅ የሚረጨው ኖዝል ይጠረጋል። ቢዬላውን የሚጠረጥር ጥቂት ነው።

ቀጥሎ ፒስተኑን ከቢዬላው ትንሽ ዓይን ጋር የሚያያይዘው ፒን አለ። ብዙ የገበያ ቢዬላዎች፣ በተለይ ለጉልበት ተብለው የሚሠሩት፣ ትንሹ ዓይናቸው የነሐስ ቡሽ አለው፤ ፒኑ በውስጡ እንደልቡ ይዞራል። እንዲህ ሲሆን ፒኑ ወደ ጎን እንዳይወጣ ፒስተኑ ላይ መቆለፊያ ቀለበት የሚገባበት ቦይ ያስፈልጋል። አንዳንድ ነባር ፒስተን ግን ቦይ የለውም። ፒኑ ራሱ በቢዬላው ዓይን ውስጥ ጠብቆ እንዲቀመጥ የታሰበ ነው፤ ዓይኑ ተግሎ ሲሰፋ ይገባል፣ ሲበርድ ይጨብጠዋል። ሁለቱን ማዳቀል ያሰበ ሰው ይህን አስቀድሞ ካላየ ፒኑ ወጥቶ ሲሊንደሩን ይቧጭራል። «አብሽር፣ ይገባል» ማለት እዚህ ጋ አይሠራም። መግባቱማ ይገባል። የትንሹ ዓይን ውፍረትም በፒስተኑ ውስጥ ካለው ቦታ ጋር መመዛዘን አለበት፤ ወፍራም ከሆነ ይታሻል።

ክብደት ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር ነው። አራት ሲሊንደር ባለው ሞተር አንዱን የታጠፈ ቢዬላ ብቻ ለውጦ ሦስቱን መተው ርካሽ ይመስላል። አዲሱ ከነባሮቹ በ40 ወይም በ50 ግራም ከከበደ ግን ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። እኔ ብሆን ወይ አራቱንም እለውጣለሁ፣ ወይ ለአንዱ ያው ኦርጅናል ያገለገለ እፈልጋለሁ። መመዘን ደግሞ ውድ ነገር አይደለም፤ ግራም የሚያነብ ሚዛን ይበቃል። እያንዳንዱ ቢዬላ ከነፒስተኑ ይመዘናል፣ ልዩነቱም ወደ ጥቂት ግራም ይወርዳል።

ትልቁ ዓይን ቡሎኑ በልኩ ጠብቆ ሳለ በማይክሮሜትር ይለካል። ኮፍያውም (በቡሎን የሚታሰረው የትልቁ ዓይን ግማሽ) ከራሱ ቢዬላ ውጭ አይገጠምም። በትልቁ ዓይን ውስጥ በሚገባው ስስ የብረት ሽፋን፣ በብሮንዚናውና በክራንክ ሻፍቱ መካከል ያለው የዘይት ክፍተት በመቶኛ ሚሊ ሜትር ነው የሚቆጠረው። ቡሎን ሲጠብቅ በክንድ ግምት ሳይሆን በቶርክ ሬንች ነው፤ የተሳበ አሮጌ ቡሎን አይመለስም።

ጠንካራ ቢዬላ ጉልበት ይጨምራል የሚሉም አሉ። አይጨምርም። ቱርቦ ተጭኖ ግፊት ከበዛ ደግሞ ድክመቱ ወደ ነባሩ ፒስተን ይዛወራል፤ በቀለበቶቹ መካከል ያለው ስስ ግድግዳ ይሰነጠቃል።

ሁሉም ተለክቶ የተገጠመ ሞተር በመጀመሪያው ቀን ሐረጎን አይወጣም፣ አይወርድምም። ኮምቦልቻ ያለ ሰው ወደ ሐርቡ በኩል ዙር ሳያበዛ ደርሶ ይመለሳል። ከዚያ ዘይቱን ቀይሮ ደሴ ያሳድረውና ጎህ ሲቀድ ቁልፉን ያዞራል።