የአዋሽ ሸለቆ አይጦችን ለእባብ ቀለብ ማርባት

እባብን ቤት አስገብቶ መቀለብ በአዳማ የተለመደ አይደለም። ለእባብ ቀለብነት በሌሎች አገሮች የሚረባው ባለብዙ ጡት አይጥ (ማስቶሚስ) ግን ለአካባቢው እንግዳ አይደለም፤ አንዱ ዝርያ ስሙን ያገኘው ከአዋሽ ወንዛችን ነው። ማስቶሚስ አዋሸንሲስ የተባለውን ይህን አይጥ ላቭሬንቼንኮና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ለሳይንስ አስተዋወቁት። የሚኖረው በኢትዮጵያ ብቻ ነው። የክሮሞሶሙ ቁጥር 32 በመሆኑ ከዘመዱ ከማስቶሚስ ናታለንሲስ ጋር እኩል ቢሆንም የክሮሞሶሞቹ ቅርጽ ስለሚለይ ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ አያከራክርም።

የወገኑ መለያ ጡት ነው። የቤት አይጥ 5 ጥንድ ጡት ሲኖራት ማስቶሚስ ከ8 እስከ 12 ጥንድ አላት። የምታጠባ እናት በጀርባዋ ስትገለበጥ ከብብቷ እስከ ብሽሽቷ በሁለት ረድፍ የተደረደረው ጡት ከነግልገሎቹ ይታያል። አርቢዎች የሚመርጧት ለዚሁ ነው፤ በአንድ ወሊድ 10 እና ከዚያ በላይ ግልገል ማሳደግ ትችላለች። በሸለቆው ያለችው እሾሃማ አይጥ በአንጻሩ 40 ቀን ገደማ አርግዛ 2 ወይም 3 ብቻ ስለምትወልድ ለቀለብ አታዋጣም።

ማስቶሚስ በቤተ ሙከራ የታወቀው በደቡብ አፍሪካ ሲሆን መነሻው የቸነፈር (ፕሌግ) በሽታ ምርምር ነበር። በአገራችን ደግሞ አፈወርቅ በቀለና ኸርዊግ ሌርስ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት በማዕከላዊ ኢትዮጵያ የበቆሎ ማሳና የሣር መሬት ላይ ያሉትን አይጦች ተከታትለዋል።

ከዚህ በታች ያለው የአረባብ ዘዴ የተቀዳው ከአዋሹ አይጥ ዘመዶች አረባብ ነው። እርግዝናው 23 ቀን አካባቢ ነው፤ ግልገሎቹ በ3 ሳምንት ጡት ይጥላሉ። ጎጆው ከላሜራና ከጠንካራ የወንፊት ሽቦ ይሠራል፤ እንጨትና ስስ ፕላስቲክ በአንድ ሌሊት ይበሳል። ታችኛው ወለል ሰጋቱራ ወይም የጤፍ ጭድ ይነጠፍበታል። ቀለቡ የተከካ በቆሎ፣ ፉርሽካና ጥቂት የኑግ ፋጉሎ ቢሆን ይበቃል። ውሃ ሲጎድል እናት ግልገሎቿን መብላት ስለምትጀምር የውሃው ነገር ከምግቡ ይብሳል።

አንድ ወንድ ከ2 ወይም 3 ሴቶች ጋር ይመደባል። ሁሉም ገና በልጅነታቸው አንድ ላይ መግባት አለባቸው፤ ጎልማሳ እንግዳ ኋላ የገባ እንደሆነ ይነክሱታል፣ አንዳንዴም ይገድሉታል። በጅራት ማንሳት አይገባም፣ የጅራቱ ቆዳ ተልጦ ይቀራልና። በእጅ ሲያዙም ስለሚናከሱ በጣሳ ቀድቶ ማዛወር ይሻላል።

ከማሳ የተያዘው ትውልድ በቀጥታ ለእባብ አይሰጥም። ጥገኛ ትሎችና ምናልባትም የአይጥ መርዝ ይዞ ሊመጣ ይችላል። የሚመገበው በጎጆ የተወለደው ነው። በምዕራብ አፍሪካ የላሳ ትኩሳት ቫይረስን የሚያስተላልፈው ናታለንሲስ ነው፤ የአዋሹን አይጥ በእሱ ጥፋት መወንጀል አይገባም። ሆኖም የማንኛውንም የዱር አይጥ ጎጆ ሲጠርጉ ጓንትና ጭምብል አይቀሩም፤ ወለሉም አቧራ እንዳይነሳ አስቀድሞ ይረጥባል።

የዱር እንስሳትን ጉዳይ የሚመለከት አዋጅ (ቁጥር 541/1999) በ1999 ዓ.ም. ወጥቷል። እባቡንም አይጡንም ከዱር ከመያዝ በፊት የሚመለከተውን አካል መጠየቅ ይገባል።

ለእባብ የሚቀርበው አይጥ ከእባቡ ወፍራም የሰውነት ክፍል የማይበልጥ ይሁን። በሕይወት ያለ አይጥ እባቡን ነክሶ ክፉኛ ሊያቆስል ስለሚችል ሳያሰቃዩ ገድሎ፣ አቀዝቅዞ ማስቀመጥ ይመረጣል። ሲፈለግ በሞቀ ውሃ ውስጥ ይቀልጥና በረጅም መቆንጠጫ ይቀርባል፤ ውስጡ ቀዝቃዛ ሆኖ ከቀረ እባቡ ሊተፋው ይችላል።