የአየር እፍግታ ምንድን ነው? አውሮፕላን የሚያደክመው ስስ አየር ሮኬቱን ለምን ያበረታዋል?

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የበረረ ሰው ያውቀዋል፣ ሲሄድ አውሮፕላኑ መሃል ላይ የሆነ ቦታ አርፎ ነዳጅ ይሞላል፣ ሲመለስ ግን ቀጥታ ቦሌ። የነፋሱም ነገር አለበት፣ ግን ዋናው ጣጣ ቦሌ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ መሆኑ ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ታንኩን ሞልቶ መነሳት ይከብደዋል።

እፍግታ ማለት በቃ አንድ ሜትር ኩብ ቦታ ውስጥ ስንት ኪሎ አየር ታጭቋል ነው። ባህር ጠለል ላይ 1.2 ኪሎ ገደማ፣ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ወደ 1 ኪሎ ይወርዳል፣ 30 ኪሎ ሜትር ላይ ስትደርስ 20 ግራም እንኳን አይሞላም። መሶብ ውስጥ ከስር ያለው እንጀራ ከላይ ባሉት እንደሚጨፈለቀው የታችኛውም አየር የላይኛውን ተሸክሞ ነው የሚታጨቀው።

ጄት ሞተር አየር ስቦ ነው የሚሰራው፣ አየሩ ሲሳሳ ይደክማል። ሮኬት ግን ኦክስጅኑን ራሱ ተሸክሞ ነው የሚሄደው። ደግሞ ብዙ ሰው እንደሚመስለው አየሩን ረግጦ አይደለም የሚነሳው፣ የሚገፋው የራሱን ጋዝ ነው (ኒውዮርክ ታይምስ እንኳን በ1920 ህዋ ላይ ሮኬት አይሰራም ብሎ በአሜሪካዊው የሮኬት ተመራማሪ በጎዳርድ ቀልዶበት ነበር፣ ያረመው በ1969 አፖሎ 11 ወደ ጨረቃ እየሄደች እያለ ነው 😄)። እንደውም አየሩ እንቅፋት ነው፣ ከኋላ የሚወጣውን ጋዝ ከውጪ ሆኖ ይጫነዋል፣ ሮኬቱ ከፍ ባለ ቁጥር ጫናው ይቀንስለታል። የስፔስ ሻትል ሞተር በሙሉ አቅሙ መሬት ላይ 1,860 ኪሎ ኒውተን (የግፊት ጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ይገፋ ነበር፣ ህዋ ላይ ግን ያንኑ ነዳጅ እያቃጠለ ወደ 2,280።

ለኔ በጣም ደስ የሚለኝ ግን ከስር ያለችው ደወል የምትመስለዋ የኖዝል (የጋዙ መውጫ) ነገር ነች። ፋልከን 9 የሚባለው የስፔስኤክስ ሮኬት ታች ያሉት ዘጠኙ ሞተሮች አጠር ያለች ደወል ነው ያላቸው፣ የአፏ ቀዳዳ ከጉሮሮዋ (ከጠባቡ ቦታ) በመሬት ስፋት ዓይነት ልኬት፣ በወርድ ሳይሆን፣ 16 እጥፍ ቢሆን ነው፣ የላይኛው ሞተር ግን 165 እጥፍ! ጋዙ በደንብ ሲሰፋ ፍጥነቱ ስለሚጨምር ሰፊው ይሻላል፣ ታዲያ ለምን ከታችም አይገጥሙትም ካልክ፣ መሬት ላይ ጋዙ በጣም ሲሰፋ ግፊቱ ከውጪው አየር ያንሳል፣ አየሩ በጠርዙ በኩል ይገባና ጋዙን ከግድግዳው ያላቅቀዋል፣ ደወሉ ይንቀጠቀጣል፣ ሊሰበርም ይችላል።

ሮኬት ሲተኮስ ቪዲዮ ካየህ እሳቱን ልብ በለው፣ ሲነሳ ቀጭን ቀጥ ያለ ጅራት ነው፣ ከፍ እያለ ሲሄድ ግን የሚጨምቀው አየር ስለሌለ ጃንጥላ እንደተከፈተ ወደ ጎን ይበተናል።